ፎርማት ከማስደረግሽ በፊት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን ንቀይው

ሰላም የኔ እህት፣ እንዴት ነሽልኝ? እማማስ እንዴት ናቸው፣ ልጆቹስ አደጉ? ከተጻጻፍን ቆየን እኮ፣ እኔም ልጅና ስራ ስል አንቺም ሱቁን ስትይ ጊዜው ነጎደ፣ ግን አንድም ቀን ከሐሳቤ ወጥተሽ አታውቂም። ትናንት ታናሽ እህትሽን ሜክሲኮ ታክሲ ስጠብቅ አገኘኋትና የፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለ እንደሚያስቸግርሽ፣ የሚሰራልሽ ልጅ ደግሞ "ሃርድ ዲስኩ ሄዷል፣ ፎርማት ይደረግ" እንዳለሽ ስትነግረኝ ሌላውን ወሬ ሁሉ ትቼ ስለሱ ብቻ ስጠይቃት ነበር። ኤክስተርናሉ፣ ያ ከውጭ በዩኤስቢ የሚሰካው ሃርድ ዲስክ፣ ማታ ይነቀላል ወይ ስላት ኧረ እንደተሰካ ነው የሚያድረው አለችኝ። እሱን ስሰማ ነው ዛሬ ሳላድር ልጻፍላት ያልኩት።

እባክሽ ገና ፎርማት እንዳታስደርጊው።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጥፊው፣ ከዛ በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ ንቀይ፣ ኤክስተርናሉን፣ ተማሪ ረስቶት የሄደውን ፍላሽ፣ ካርድ ሪደሩን፣ ፕሪንተሩንም ጭምር፣ ኪቦርድና ማውስ ብቻ ይቅሩ። ከዛ አብሪው። ዊንዶውስ ከገባልሽ የውስጡ ሃርድ ዲስክ አልሞተም፣ ዊንዶውሱም አለ፣ ያስቸገረሽ ከውጭ የተሰካው ነገር ነው ማለት ነው። ደግሞ አጥፍተሽ አንድ በአንድ እየሰካሽ አስነሺው፣ የትኛው ላይ እንደሚቆም ራስሽ ታይዋለሽ፣ ለዚህ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግሽም።

ነገሩ እንዴት መሰለሽ፣ ኮምፒውተር ሲበራ ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት ባዮስ የሚሉት ነገር ቀድሞ ይነሳል (አዲሶቹ ላይ ዩኢኤፍአይ ይሉታል)፣ እሱ የተሰካውን ሁሉ ያይና ማስነሻ ያለው የትኛው ላይ ነው ብሎ በተራ በተራ ይሞክራል፣ ተራው ቡት ኦርደር ይባላል። ዩኤስቢ ከላይ ተቀምጦ ከሆነ ያንቺን ኤክስተርናል ነው ቀድሞ የሚከፍተው፣ እዛ ላይ ያለው ደግሞ የተማሪ ቴሲስና ስካን ነው እንጂ ዊንዶውስ አይደለም። አንዳንዱ ኮምፒውተር አላገኘሁም ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ አንዳንዱ ግን በተለይ ቆየት ያለው እዛው ይቆምና ጥቁር ስክሪን ላይ "ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኖት ፋውንድ" ወይ ደግሞ "ሪቡት ኤንድ ሴሌክት ፕሮፐር ቡት ዲቫይስ" (የሚነሳበት ነገር አላገኘሁም እንደማለት ነው) ብሎ ይቀራል። ይሄን ያየ ሰው ወዲያው ዲስኩ ተቃጠለ ይላል።

ዩኤስቢን ማን ከላይ አወጣው ካልሽ ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ የጫነው ሰው ነው፣ አሁን በሲዲ የሚጭን ማን አለ፣ ሁሉም በፍላሽ ነው፣ ከፍላሹ እንዲነሳለት ዩኤስቢን ወደ ላይ ያመጣዋል ሲጨርስ ሳይመልሰው ይሄዳል። ዊንዶውስ ከገባ በኋላ ኤክስተርናል ብትሰኪ ምንም አይልም፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስትሰሪ ደህና ነው፣ ችግሩ ጠዋት ስትከፍቺና መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ብቻ ነው የሚታየው። ለዛ ነው ሰው ፓወር ሳፕላይ ነው፣ ሲሞቅ ይሰራል ምናምን እያለ የማያስፈልግ ዕቃ የሚያስገዛሽ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኤችፒ ከሆነ እንደበራ ኤስኬፕ ወይም ኤፍ 10፣ ዴል ከሆነ ኤፍ 2 እየደጋገምሽ ተጫኚ፣ ቡት የሚለውን ፈልጊና የውስጡን ሃርድ ዲስክ ወደ ላይ አውጪው፣ አዲሶቹ ላይ "ዊንዶውስ ቡት ማናጀር" ብሎ ነው የሚጽፈው፣ ከዛ ሴቭ አርገሽ ውጪ። ሌላ ነገር ግን እንዳትነኪ በሞቴ፣ በተለይ ሳታ ሞድ የሚለውንና ሌጋሲና ዩኢኤፍአይ የሚያስመርጠውን፣ እነሱ ከተቀየሩ ደህናው ዊንዶውስ ራሱ አልነሳ ይልሻል።

ግን ያ ጽሑፍ ሳይመጣ የካምፓኒው ምልክት ላይ ብቻ ተገትሮ የሚቀር ከሆነ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ባዮሱ ኤክስተርናሉን ሊያነበው እየሞከረ መልስ አጥቶ ነው የሚቆመው። ትንሿ ኤክስተርናል ኃይሏን የምታገኘው ከዩኤስቢው ነው፣ ዩኤስቢ 2 በደንቡ እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ እስከ 900 ነው የሚሰጠው፣ ዲስክ ደግሞ መዞር ሲጀምር ነው ብዙ የሚፈልገው። ስለዚህ ከሲፒዩው ፊት ለፊት ወይም አዳፕተር በሌለው ሃብ ላይ ሰክተሽው ከሆነ አውጪውና ከኋላ በቀጥታ ሰክተሽ እዪው፣ ገመዱንም ቀይሪው። ይሄ ሁሉ ሆኖ ትክ ትክ የሚል ድምፅ ካሰማሽ ግን ዲስኩ እየደከመ ነው፣ ያኔ ሌላ ነገር አትሞክሪ፣ ከተነበበልሽ ዳታውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጪ።

አንድ የምፈራው ነገር ደግሞ አለ። ነቅለሽው ጭራሽ አልነሳ ካለ፣ ሲሰካ ብቻ የሚነሳ ከሆነ፣ ዊንዶውስ ሲጫን ኤክስተርናሉ ተሰክቶ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል፣ የማስነሻው ፋይል እሱ ላይ አርፏል። እንደዛ ከሆነ ኤክስተርናሉን ማንም ፎርማት እንዳያደርገው፣ የሚሰራልሽን ልጅ ማስነሻውን ቢሲዲቡት በሚባለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ ወደ ውስጡ ዲስክ አምጣልኝ በይው፣ የሚችል ሰው ይገባዋል፣ ያልገባው ሰው ግን እንዳይነካብሽ።

እኔን የሚያናድደኝ ዩኤስቢውን እንኳን ሳይነቅሉ ፎርማት የሚሉት ነው። የቡት ኦርደር ችግር በፎርማት አይድንም፣ ዊንዶውሱ አዲስ ሆኖ ጠዋት ያው ጽሑፍ ይመጣል፣ ያንቺ ዳታ ግን ሄዷል። ደግሞ ሁለት ዲስክ ተሰክቶ ፎርማት ሲደረግ በስህተት ኤክስተርናሉን መምረጥ የአንድ ክሊክ ነገር ነው። እህትሽ የጋሼን ፎቶዎች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስካን አርገሽ እዛው ኤክስተርናል ላይ ብቻ እንዳስቀመጥሻቸው ነገረችኝ፣ ሌላ ኮፒ የለም አለችኝ። እሱን ስሰማ ሆዴ ባባ። እባክሽ ከሁሉ አስቀድመሽ እነሱን ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጪልኝ፣ ለኔም በቴሌግራም ፋይል አርገሽ ላኪልኝ፣ እኔ ጋም ይቀመጡ። ከዛ በኋላ ማታ ሱቅ ስትዘጊ ሴፍሊ ሪሙቭ እያልሽ ነቅለሽ መሳቢያ ውስጥ ቆልፊበት፣ ቡት ኦርደሩ ቢስተካከልም።

በይ ነቅለሽ ስታስነሺው የሆነውን ጻፊልኝ፣ ጽሑፍ ካመጣ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪው፣ ቁጥሬ ያው ነው አልተቀየረም። ለጥምቀት ከልጄ ጋር ጎንደር ልመጣ አስቤያለሁ፣ እናንተ ጋ ነው የማርፈው፣ ይመቻችሁ እንደሆነ አብረሽ ንገሪኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የድሮ ጎረቤትሽ