«ባክአፕ አለን» ለሚሉ የድርጅት ባለቤቶች

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወዲያ ባሉ መጋዘኖች፣ ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ። የሰርቨራችሁ (የድርጅቱን መረጃ ይዞ ሌሎቹን ኮምፒውተሮች የሚያገለግለው ማሽን) አሠራር የተጻፈበት ወረቀት አላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ «ባክአፕ አለን»፣ ማለትም የመረጃው ቅጂ አለን፣ የሚል ነው። በልበ ሙሉነት ስለሚናገሩት መከራከሩ ያሳፍራል።

ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ የአንድ የግንባታ ዕቃ ማከፋፈያ ሰርቨር ሃርድ ዲስኩ ተበላሸ። መረጃው በየማታው በሌላ ዲስክ ይገለበጥ ስለነበር ከዕለቱ ሽያጭ በቀር የጠፋ ነገር የለም። ሱቁ ግን ሥራ መጀመር አልቻለም። በምትኩ በተገዛው ማሽን ላይ የተጫነው ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባለው የዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ፕሮግራም የ2014 ስሪት ሲሆን ባክአፑ የተወሰደው ከ2019 ስሪት ነበር፤ አሮጌው ስሪት ደግሞ አዲሱ ስሪት የጻፈውን አይቀበልም። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልእክት ስሪቶቹን በ2019 እና በ2014 ፈንታ በውስጥ ቁጥራቸው 15.00 እና 12.00 እያለ ስለሚያወራ፣ ባለቤቱ ፋይሉ ጠፋ ብለው ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ያ ሲስተካከል የካሸሮቹ ኮምፒውተሮች ሰርቨሩን አጡት። የቀድሞው ማሽን ቋሚ አይፒ አድራሻ (ሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚያገኙበት ቁጥር) ነበረው፤ አዲሱ ራውተሩ የሰጠውን ይዞ ቁጭ ብሏል። ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቀው ሲስተሙን የተከለው ልጅ ነው፤ እሱም አገር ለቋል። በመጨረሻ ከአንዷ ካሸር ኮምፒውተር ውስጥ ፈልፍለን አወጣነው።

«ሙሉውን ዲስክ እንዳለ ብንገለብጠውስ?» የሚሉኝ አሉ። ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የተለየ ማሽን ላይ አልነሣም ሊል ይችላል፤ ቢነሣም እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደዚያ እንደተደረገ አይናገርም።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2017 ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ ባለሙያው ዳታቤዙን በስህተት ሲያጠፋ ወደ ባክአፑ ቢሮጥ ባዶ ሆኖ አገኘው። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ የተባለው ፕሮግራም ስሪት 9.6 ሲሆን የሚገለብጠው ፕሮግራም ግን ስሪት 9.2 ስለነበር ሥራው ሲከሽፍ ከርሟል፤ ስህተቱን የሚያሳውቀው ኢሜይልም ለሰው አልደረሰም።

ለባለቤቶች የምለው ይህን ነው፦ ሲስተም ለሚተክልላችሁ ሰው የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ፕሮግራም ስምና ስሪት፣ አድራሻዎቹን፣ የተከፈቱትን የኔትወርክ በሮች (ፖርቶች)፣ ባክአፑ የት እንደሚቀመጥና ምክንያቶቹን በአማርኛ ጽፎ ያስረክባችሁ። አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር ቀን ተጽፎ ይታረም፤ ያልታረመ ወረቀት ያሳስታል። የይለፍ ቃል በዚያ ላይ አይጻፍ፤ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይግባ። ወረቀቱንም አትማችሁ አስቀምጡ። አንድ ትምህርት ቤት «ሰነዱ አለን» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የተቀመጠው አልነሣ ባለው ሰርቨር ውስጥ ነው።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ከአቃቂ ቃሊቲ