በውሃ ቆጣሪ ላይ ሙከራ ለምትጀምሩ

ውድ አባላት፣

ንባብ በራሱ የሚልክ መሣሪያ ከአዲስ አበባ የውሃ መሥሪያ ቤት ጋር ለመሞከር ያሰባችሁ፣ አስቀድማችሁ ወሩን ተመልከቱ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ግንቦት ላይ የገባ የሙከራ ጥያቄ ደብዳቤ ከሒሳብ መዝጊያ ሩጫ ጋር ይጋጫል። ጥቅምት ላይ ግቡ፤ የሙከራው ጊዜ ግን ክረምቱን እንዲጨምር ተዋዋሉ።

የቆጣሪው ጉድጓድ ሐምሌና ነሐሴ ውሃ ይሞላል። አይፒ65 (አይፒ አቧራና ውሃ የመከላከል ደረጃ ነው) መሸፈኛ ዝናብ እንጂ ተኝቶ የሚቆይ ውሃ አይችልም፤ አይፒ68 ግዙ። የብረት ክዳን ሲግናል ያፍናል፤ ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ የተወሰደ የሲግናል ልኬት ዋጋ የለውም። ሲግናል ሲደክም ንባቡን የሚልከው ሞደም ደጋግሞ ለመላክ ይሞክራል፣ ባትሪውም ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ ያልቃል።

ለመነሻ 30 ቆጣሪ ይበቃል። የተበላሸውን ማን እንደሚተካ፣ መጨረሻ ላይ ማን እንደሚነቅል፣ "ተሳካ" የሚባለው ከ100 ንባብ ስንቱ ሲደርስ እንደሆነ በሰነዱ ላይ ይስፈር። ቢሉ እስከ ሙከራው ማብቂያ ቆጣሪ አንባቢው ሠራተኛ በአካል ባነበበው ቁጥር ይውጣ፤ የመሣሪያው ንባብ ማመሳከሪያም ይኸው ቁጥር ነው።

የቆጣሪ ቁጥር ከደንበኛ ስም ጋር ስለሚገናኝ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቡ። ነፃ ሙከራ ግዢ አለመሆኑንም አትርሱ፤ ከኋላው ጨረታ አለ።