ከጫማዋ በፊት የወር አበባዋን ጠይቁ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የወጣት ሴት ሯጮች እግር ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚጎዳ በስፖርት ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። አስፋልቱን፣ ኮሮኮንቹን፣ ያለቀውን ጫማ ዘርዝራችኋል፤ ልክ ናችሁ። ስለ ወር አበባ ግን አንድ መስመር አላገኘሁም። ሱሉልታ የሚለማመዱ ሴት አትሌቶችን የማክም ወጌሻ ስለሆንኩ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በቅርቡ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ቅልጥሟን አሟት መጣች። ከጉልበቷ ጀምሬ በጣቴ እየተጫንኩ ስወርድ፣ ከአውራ ጣት በማትሰፋ አንዲት ቦታ ላይ እግሯን ከእጄ መነጨቀችው። ጡንቻ ሲሆን ሕመሙ ሰፋ ይላል እንጂ እንዲህ ነጥብ ላይ አይቆምም። «የወር አበባሽ መቼ መጣ?» አልኳት። አሰልጣኙ እንዳይሰማት ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ እኔ እኮ ከቀረብኝ ቆየ። ልምምድ ሲጠነክር ይቀራል፣ ጥሩ ምልክት ነው ብለውኛል» አለችኝ። እንዲህ ያለውን የአጥንት ስንጥቅ ኤክስሬይ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያሳየውም፤ ኤምአርአይ ስትነሣ ታየ።

«ጥሩ ምልክት ነው» ያሏት በካምፕ አብረዋት ያሉ ታላላቆቿ ናቸው። እነሱም ከሌላ ሰምተው ነው። ይህን ወሬ በሰማሁ ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

አጥንት በየቀኑ አሮጌው እየፈረሰ በአዲስ የሚተካ ሕያው አካል ነው። የሚያፈርሱትን ሴሎች ልክ የሚያስይዛቸው ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ነው። ልጅቷ የሮጠችውን ያህል ካልበላች፣ አንጎል ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ አሁን ለእርግዝና የሚተርፍ ጉልበት የለም ብሎ ወደ እንቁላል አምራች ዕጢዎች የሚሄደውን ትእዛዝ ይቀንሳል። ኢስትሮጅን ይወርዳል፣ የወር አበባ ይቀራል፣ መፍረሱ ከመገንባቱ ይቀድማል። ለዚህ ደግሞ የግድ መክሳት የለባትም፤ ሚዛን ላይ ክብደቷ ሳይቀንስ ሊደርስባት ይችላል። አብዛኛው የአጥንት ክምችት የሚሞላው እስከ 20 ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ በ17 ዓመቷ የጎደለባትን በኋላ መልሳ ለመሙላት ትቸገራለች። አሜሪካዊቷ ሯጭ ሜሪ ኬን በ2019 እ.ኤ.አ. በአደባባይ የተናገረችው ይህንኑ ነው፦ ክብደት ቀንሺ እየተባለች፣ ለሦስት ዓመት የወር አበባዋ ቀርቶ፣ አምስት አጥንት ተሰብሮባታል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስፖርተኞች የኃይል እጥረት ብሎ ያስጠነቅቃል። እኛ ካምፕ ውስጥ ግን ዛሬም «ከብደሻል» ይባላል።

የጾሙን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። እኔም ጿሚ ስለሆንኩ ተዉት አልልም። ነገር ግን በሁዳዴ ጠዋት ረጅም ርቀት ሮጣ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ምንም ሳትቀምስ የምትቆይ፣ ከዚያም በሶ በውኃ በጥብጣ የምትተኛ ልጅ፣ 55 ቀን ሙሉ ለአጥንቷ ምን ቀረላት? ሽሮው ይወፍር፣ ሰሊጥና ለውዝ ይጨመር፣ ከልምምድ እንደተመለሰች ትብላ። ሰዓቱን በተመለከተ የንስሐ አባቷን ታማክር፤ ሁኔታውን ሲረዱ የሚከለክሉ አልገጠሙኝም።

ሌላው ብዙ የማይወራለት የሦስት ወሩ የእርግዝና መከላከያ መርፌ ነው። ውድድር ላይ የወር አበባ እንዳይመጣባቸው ብለው የሚወጉ አሉ። መርፌው ራሱ ኢስትሮጅንን ዝቅ ያደርጋል፤ የአጥንት ጥግግት ስለሚቀንስ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2004 እ.ኤ.አ. ከባድ ማስጠንቀቂያ አስለጥፎበታል። ሲቆም በአብዛኛው ይመለሳል፤ ቢሆንም ሯጭ የሆነች ልጅ ይህን አውቃ፣ ሌሎቹንም ዘዴዎች ሰምታ ትምረጥ። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድም በየወሩ ደም ስላየች ሆርሞኗ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ደሙን የሚያመጣው እንክብሉ ነው፤ የሳሳውንም አጥንት መልሶ አይገነባም።

አንዳንድ አሰልጣኞች «ሴት ልጅን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው» ይሉኛል። እሺ፣ እነሱ አይጠይቁ። እያንዳንዱ ክለብ አንዲት ሴት ባለሙያ ይመድብ፣ ልጆቹ ቀኑን በማስታወሻ ይያዙ፣ ሦስት ወር የቀረባት ሐኪም ትይ። ስትቀጠርም የጉልበትና የልብ ምርመራ ቅጹ ላይ ይህ ጥያቄ ይግባ። ምን ያህል ወጪ ነው?

በሚቀጥሉት እትሞቻችሁ የማኅፀንና የአጥንት ሐኪሞችን አብራችሁ ብታነጋግሩልን፣ ገጹን ቆርጬ ማከሚያ ክፍሌ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

አንዲት የክለብ ወጌሻ፣ ከሱሉልታ