የሳይንስ ክበብ፦ ዘንድሮ የሠራነውና ያልሞላልን

ስለ ክበባችን ልጆች «ለፈተና የማይመጣ ነገር ይዘው ጊዜ ያባክናሉ» ሲባል መምህራን ክፍል ውስጥ ሰምቻለሁ። ዘንድሮ የያዝነው ርዕስ ካንሰር ወደ አንጎል ሲዛመት የአንጎል ደጋፊ ሴሎች ምን ያደርጋሉ የሚል ነው። የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ሴሉም፣ ደም ዝውውሩም፣ የበሽታ መከላከሉም ውስጡ አለ። ከባዮሎጂ ፈተና የራቀ አይደለም።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በምዝገባና በቡድን ምደባ አለቀ። እሱን ልለፈው።

ከዚያ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሄድን። ከአንጎል ደጋፊ ሴሎች መካከል አስትሮሳይት የሚባሉትን ኮከብ መሳይ ሴሎች ልጆቹ በማይክሮስኮፕ አዩ። በልዩ ማቅለሚያ ቡናማ ሆነው፣ ቅርንጫፋቸውን ወደ ደም ስሩ ዘርግተው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ዓይኗን አልነቅል አለች። ከኋላ የተሰለፉት ቢያጉረመርሙም ንቅንቅ የለም። አክስቷ በጡት ካንሰር ማረፋቸውን፣ በመጨረሻም ወደ አንጎላቸው መዛመቱን የነገረችኝ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ነው። ወደ አንጎል በብዛት የሚዛመቱት የሳንባ፣ የጡትና ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ናቸው።

በሚኒ ሚዲያ ያቀረበችውም እሷ ነች። በ2014 እና በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጡ፣ በአይጦች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ነበር ያስረዳችው። አንጎል የደረሰ የካንሰር ሴል አብዛኛው እዚያው ይሞታል። አስትሮሳይቶቹ ፕላዝሚን የሚባል ኢንዛይም እንዲፈጠር አድርገው ያጠፉታል። ሰርፒን የተባሉ ፕሮቲኖችን የሚያመርተው ግን ያመልጣል። ያመለጠው ኮኔክሲን 43 በሚባል ፕሮቲን አማካይነት ከአስትሮሳይቱ ጋር ቀጭን መተላለፊያ ይከፍታል፤ የአደጋ መልእክት የሚያደርስ ሞለኪውልም ይሰድበታል። አስትሮሳይቱ ኢንተርፌሮንና ቲኤንኤፍ የሚባሉ የበሽታ መከላከል መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ያመነጫል፤ ካንሰሩ በእነሱ ይጠነክራል፣ ኬሞቴራፒውንም ይቋቋማል። «ሌባው ዘበኛውን አታሎ ስንቅ እንደማስያዝ ነው» አለች። መተላለፊያውን የሚዘጉ መድኃኒቶች በአይጦቹ ላይ ዕጢውን ማዳከማቸውንም ጨመረች። ሰልፍ ላይ ወሬ የማያቆመው 9ኛ ክፍል ሳይቀር አዳመጣት። እኔ እንባዬ መጣ።

ያልሞላም አለ። የራሳችን ማይክሮስኮፕ አምፖሉ ተቃጥሎ ዓመቱን ሙሉ አልተተካም፤ በመስኮት ብርሃን ነው የሠራነው። ለእግር ኳስ ቡድናችን መለያ መገዛቱ ደስ ብሎኛል። ግን ለአንድ አምፖል በጀት የለም መባሉን አልቀበልም።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባላትና የቀድሞ ተማሪዎች፣ ለከርሞ የምንፈልገው አምፖል፣ የተዘጋጁ ስላይዶችና የልጆቹ የትራንስፖርት ገንዘብ ነው። በዓይነትም እንቀበላለን። ደረሰኝ ከትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል ይቆረጣል።