ስለ ቅዳሜው መጽሐፍ

ውድ የንባብ ቡድናችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ ጣና ዳር የምንወያይበትን የፍሬድሪክ ባክማንን «አንክሸስ ፒፕል» ጨርሻለሁ። በስዊድንኛ በ2019፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ልብ ወለድ ነው። በጣም ወድጄዋለሁ።

አንድ ዘራፊ ለቤት ኪራይ የሚሆን 6,500 የስዊድን ክሮነር ፈልጎ ባንክ ይገባል። ባንኩ ግን ጥሬ ገንዘብ የለውም! ዘራፊው ሲሸሽ፣ የሚሸጥ አፓርታማ ሊያዩ የመጡ ሰዎች መሃል ዘው ይላል። ሳይታሰብ ሁሉም ታጋች ሆኑ።

ታጋቾቹ ደግሞ ጉዶች ናቸው። ከመፍራት ይልቅ እርስ በርስ ይጨቃጨቃሉ። አንዱማ የጥንቸል ጭንቅላት አጥልቆ ሽንት ቤት ውስጥ ተዘግቷል። ብቻዬን ተንከተከትኩ። ከዚያ ኤስቴል የሚባሉት አረጋዊት ስለ ባለቤታቸው ማውራት ሲጀምሩ እንባዬ መጣ። ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ ተኮራርፈው የተቀመጡ መንገደኞች ቆሎ መካፈል ሲጀምሩ አይታችኋል? እነዚህም ቀስ በቀስ እንደዚያ ይሆናሉ። ከዓመታት በፊት አንድ ድልድይ ላይ የሆነው ነገር ከብዙዎቹ ሕይወት ጋር እንዴት እንደተሳሰረ ሲገለጥ፣ ወደ ኋላ ተመልሼ ያለፍኳቸውን ገጾች እንደገና አነበብኩ።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ደራሲው ምክር ያበዛል። የፖሊስ ምርመራው ቃለ መጠይቅም መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል። እባካችሁ እዚያ ጋ አትተዉት፤ የሚደባበቀው ነገር ኋላ ላይ ነው የሚፈታው።

ያልጨረሳችሁ እስከ አርብ ንገሩኝ፣ መጨረሻውን እንዳናበላሽባችሁ። ውይይቱን አባትና ልጅ በሆኑት ፖሊሶች እንጀምር።