ይድረስ ለአባቴ፣ ጎንደር፣ አዘዞ

ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም ልጆቹም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ትንሹ ጥርሱን መንቀል ጀምሯል፤ ትልቋ 14 ዓመት ሞልቷት ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ የእርስዎን ታሪክ በኮምፒውተር የምትጽፍልኝም እርሷ ናት።

የዓይንዎን ሞራ መገፈፍ «ከጥምቀት በኋላ ይሁን» ማለትዎን ከወንድሜ ሰማሁ። ጎንደር ላይ ምክንያት የሚሆን በዓል አይታጣም፤ ጥምቀት ሲያልፍ ሁዳዴ፣ ሁዳዴ ሲያልፍ ፋሲካ ይመጣል። የግፊት መድኃኒቱንም በጾም ሰበብ እንዳያቋርጡብኝ።

ያሰባሰቧቸውን የ«ዝክረ ሕግ»፣ የአማራ ክልል አዋጆች የሚወጡበትን ጋዜጣ፣ ቅጾች በሣጥን ልከው፣ የቀረውን በስልክ እየነገሩኝ፣ የምክር ቤት ዘመንዎን እንድጽፍልዎ ካዘዙኝ ሦስት ወር ሆነ። ሥራው እስከ አንድ ቦታ ድረስ ቀንቶኝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ከደምቢያ ለክልሉ ምክር ቤት መመረጥዎን፣ ከ294ቱ መቀመጫዎች በአንዱ ተቀምጠው ሲያበቁ ከባሕር ዳር በተመለሱ ማግስት ጠመኔ ይዘው ክፍል መግባትዎን፣ በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለውን የክልሉን ሕገ መንግሥት በፋኖስ ብርሃን ለጎረቤት ያነበቡበትን ምሽት ጽፌያለሁ። ያን ምሽት ሳስብ ዛሬም እኮራለሁ።

የቆምሁት 1995 ላይ ነው። «የቤተሰብ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ሲጸድቅና የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ሲሆን እጃቸውን ካነሡት አንዱ ነኝ» ብለው ያስጻፉኝን ልጅቱ ጽፋ ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «እናቴ፣ አንቺ ስታገቢ ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለችኝ። የቤት ሥራሽን ሥሪ ብዬ አስነሣኋት።

አባቴ፣ ጥር 1996 ዓ.ም. እኔ 15 ዓመቴ ነበር። እርስዎ፣ አያቴ የሰጡት ቃል እንደማይታጠፍ ለሽማግሌዎቹ ሲናገሩ ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። ከጉባኤ ይዘውት የመጡት ቦርሳ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ነበር፤ ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበርሁና ማንበብ አያቅተኝም። ስለ ዕድሜ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጌ፣ ገጹን ገልጬ፣ እርስዎ የሚተኙበት መደብ ላይ አኖርሁት። ማታ አጥፈው ወደ ቦርሳው መለሱት እንጂ ምንም አላሉኝም። እምዬም፣ በእናንተ በምክር ቤት ሰዎች አነጋገር፣ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። በማግስቱ ዳስ ተጣለ።

ሐቁን ላለመሸሸግ፣ ከዚያ ቤት ባዶ እጄን ያልወጣሁትም በእናንተው ሕግ ነው። በ1998 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጁን፣ ቁጥር 133ን፣ ስታወጡ፣ የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም እንዲመዘገብ አድርጋችኋልና፣ የመሬት ደብተሩ ላይ ከሰውዬው ፎቶግራፍ አጠገብ የእኔም ነበረ፤ ስንፋታ ሽማግሌዎቹ ሊያድበሰብሱት አልቻሉም። ድርሻዬን አከራይቼ የማታ ትምህርት የቀጠልሁት በዚያ ነው። እምዬም በሕይወቷ የተነሣችው ብቸኛ ፎቶግራፍ ያው የደብተሩ ነው፤ ወንድሜ ደብተሩን ምስጥ ከማይደርስበት ቦታ እንዲያኖረው ይንገሩልኝ።

ስለዚህ እንደ ሰጪም እንደ ነሺም አይዎታለሁ፤ የትኛውን አስቀድሜ እንደምጽፍ ነው የጨነቀኝ። የ1997ቱ ምርጫ፣ የ2002ቱ፣ በ2007 በቃኝ ብለው የወጡበት፣ ይህ ሁሉ በሁለት ሳምንት ያልቃል። የ1995ቱን ግን እንዳስጻፉኝ አድርጌ ማለፍ አልሆን ብሎኛል። ያን ማታ ገጹን ሲያጥፉት ምን እንዳሰቡ አንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩኝ፤ እንዳሉት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ። ዝም ካሉኝ ግን 1995ን ሙሉ በሙሉ አወጣዋለሁ፤ ታሪክዎም ከ1994 ወደ 1997 ይዘላል።

ለከተራ ጥር 10 ቀን አዘዞ እገባለሁ፤ የዓይን ሐኪሙን ቀጠሮ ለጥር 14 እንዲያስይዝ ለወንድሜ ነግሬዋለሁና እንዳያሰርዙት። ልጅቱም አብራኝ ትመጣለች። ጥያቄዋን ለእርስዎ ልታቀርብ ትችል ይሆናል፤ እኔ አልከለክላትም።

ልጅዎ