ድምፁ ሳይሰማ የሚመረቅ ጋዜጠኛ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ጠመኔ ከያዝኩ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ተማሪዬ ነው። ጉዳዩ ግን የእሷ ብቻ አይደለም።

ልጅቷን ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። ሰልፍ ላይ ግጥም የምታነበው እሷ ነበረች። ከከተማችን ውጭ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ተማረች። በጥሩ ውጤት ተመረቀች። ጥር ላይ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ለድምፅ ፈተና ጠራትና ሦስት ቀን ሲቀራት ቤቴ መጣች።

«ቲቸር፣ ዜና ላንብብልዎትና ይስሙኝ» አለችኝ።

ቡና እየቆላሁ ነበር። ከጋዜጣ የቀደደችውን ገጽ ይዛ ቆመች። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ትንፋሿ አለቀ። አራተኛው ላይ «ገና» የሚለውን ቃል በዓሉን አድርጋ አነበበችው። ጽሑፉ የሚለው «ሥራው ገና አልተጠናቀቀም» ነው። ደነገጠች። ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እንደገና ሳተችው። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝም አለች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«በነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንት ጊዜ ማይክሮፎን ፊት ተቀመጥሽ?» አልኳት።

«በቡድን፣ አንድ ጊዜ። እኔ ስክሪፕቱን ነው የጻፍኩት። ያነበበው ሌላ ልጅ ነው።»

ብዕር ያስነሳኝ ይህ መልስ ነው።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ንድፈ ሐሳቡን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ሚዲያ አጀንዳ እንዴት እንደሚቀርጽ ብትጠይቋት ሳታቋርጥ ትነግራችኋለች፤ በእንግሊዝኛ። የተማረችው በእንግሊዝኛ፣ ማስታወሻዋ በእንግሊዝኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፏም በእንግሊዝኛ ነው። እንጀራዋን ልትበላበት የተዘጋጀችው ግን በአማርኛ ነው። ንድፈ ሐሳብ አይጠቅምም አልልም። ዋና የሚማር ሰው ግን አንድ ቀን ውሃ ውስጥ መግባት አለበት።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና እንደሚፈተኑ ታውቃላችሁ። ፈተናው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ምርጫ ነው፣ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ ይሆን ይሆናል። የሬዲዮ ሰው ልሁን ብሎ የተማረ ልጅ ግን ማንም ድምፁን ሳይሰማው አልፏል ወይም ወድቋል ይባላል። መምህሩም የሚያስተምረው ለሚፈተነው ነገር ነው። እኔም መምህርት ነኝና ይህን አውቀዋለሁ። የማይፈተን ነገር ሁልጊዜ «ጊዜ ሲገኝ» ይባላል፤ ጊዜው አይገኝም።

አንደኛ ዓመት ላይ ማንኛውም ተማሪ የእንግሊዝኛ የመግባቢያ ክህሎት ኮርስ ሁለት ጊዜ ይወስዳል። ጥሩ ነው። የአማርኛ የንግግር ክህሎት የሚባል አቻ ኮርስ ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። አፍ መፍቻቸው ስለሆነ ያውቁታል ከሚል ሐሳብ ይመስለኛል። እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው።

አማርኛ ሲጻፍ መጥበቅና መላላት አይታይበትም። «ይበላል» ሲላላ ሰውዬው ይበላል፤ ሲጠብቅ ምግቡ ይበላል። «ሰፊ» ሲጠብቅ ስፋት ነው፤ ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ባለሙያ ነው። ለራሱ የሚያነብ ሰው ቢሳሳትም ዓይኑ ተመልሶ ያርመዋል። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው መመለሻ የለውም። አንባቢዋ ስትስት እሱም አብሮ ይስታል፤ እሱ መሳቱን እስኪያውቅ ደግሞ ሁለት ዜና አልፏል። ለልጅቷ እርሳስ ሰጠኋትና የሚጠብቀው ፊደል ላይ ሁሉ ነጥብ እንድታደርግ ነገርኳት። አንድ ገጽ ላይ ከሃምሳ በላይ ነጥብ አደረገች። «ይሄ ሁሉ?» አለችኝ። ማንም እንዲህ አድርጎ አሳይቷት አያውቅም።

ሌላው ግሡ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «በከተማው ተገኝተው ከነዋሪዎች ጋር በመወያየት ላይ የነበሩትና ቀደም ሲል የተነሡ ጥያቄዎችን የተመለከቱት ኃላፊ…» እያለ የሚሄድ ዓረፍተ ነገር ግሡ ሲመጣ አድማጩ ማን እንደሆነ ረስቶታል። ለጆሮ ሲጻፍ ቆረጥ ቆረጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ሰዓትም እንዲሁ። ከውጭ የዜና ወኪል የተተረጎመ ዜና ላይ በእነሱ «ዘጠኝ» የተባለውን ጠዋት እንዳለ አምጥቶ «ዘጠኝ ሰዓት» ማለት የስድስት ሰዓት ስህተት ነው፤ በእኛ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መሆን አለበት። እነዚህን ነገሮች እንግሊዝኛው መጽሐፍ ሊያስተምር አይችልም፣ ችግሩ እዚያ የለማ። የእኛ ቋንቋ ጉዳይ ናቸው፤ እኛው ነን ልናስተምራቸው የሚገባን።

ንግግር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው የሚለውን ሐሳብ እኔ አላመጣሁትም። አሜሪካ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1914 አሥራ ሰባት የንግግር መምህራን ከእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ተነጥለው የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል። መናገር ከማንበብና ከመጻፍ ሥር ተደብቆ መቅረት የለበትም ብለው ነው። ሬዲዮ ገና ሕዝብ ቤት ሳይገባ መሆኑ ነው። እነሱ በቋንቋቸው ያደረጉትን እኛ በቋንቋችን ማድረግ አያቅተንም።

ደግሞ የት ሆነን ነው የምናወራው? ወሎ ውስጥ። የቅኝቶቹን የባቲንና የአምባሰልን ስም ያወጣው የእኛው መሬት ነው። የመንዙማ አገር ነው። እናቴን የቀበርን ዕለት አንዲት ጎረቤታችን ቆመው መረቁን። አንድ ሐረግ ይሉና ቆም ይላሉ። «አሜን» እስክንል ይጠብቃሉ። የእኛ «አሜን» ሲደክም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉታል፣ እኛ ለመስማት ወደ እሳቸው እንጠጋለን። ቀጥሎ ከፍ ያደርጉታል። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው። ትንፋሻቸው የት እንደሚያርፍ፣ ሰው የት ላይ እንደሚያለቅስ ያውቃሉ። እኔ ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ስለ ንባብ የማስተምረው እሳቸውን እያሰብኩ ነው። ለምን አንድ የኮሌጅ ተማሪ መቅጃ ይዞ ወደ እንደዚህ ያሉ ሰዎች ሄዶ፣ ቀድቶ፣ ትንፋሹን ቆጥሮ፣ ለክፍሉ አያቀርብም? ከዚህ የተሻለ የንግግር ትምህርት ቤተ ሙከራ ከየት ይመጣል?

አድማጩም ቀላል አይደለም። ደሴ በተራራ የተከበበች ናት፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳ ቆላው አፋፍ ላይ ተኝታለች። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ተራራ ሲመጣበት ይደክማል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በታክሲ የወረደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጠመዝማዛው ላይ ሬዲዮው ይንሿሿል፣ ሹፌሩም ጣቢያውን ይፈልጋል። ሞገዱ በራሱ እየተቆራረጠ አንባቢዋ ደግሞ ቃል ከዋጠችበት ምን ይቀረዋል? ከዚያ ላይ የባቲን ገበያ፣ የከሚሴን መንገድ ጨምሩበት። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ፣ ቤቱ ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ የሚናገር አድማጭ አለ። ለእሱ ጥርት ያለ አነባበብ ቅንጦት አይደለም።

ልጅቷ ፈተናውን አላለፈችም። ሦስት ቀን አልበቃትም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ሁለት ጓደኞቿንም ይዛ። ጋቢ ተከናንበው ስልካቸው ላይ ይቀዳሉ፤ ጋቢው የክፍሉን ማስተጋባት ይውጥላቸዋል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ እናቆማለን። የመጀመሪያ ቀን ድምፃቸውንና የአሁኑን አከታትለን ስንሰማ ልዩነቱ ያስደንቃል። ይህ በእኔ ሳሎን፣ ያለ ምንም ዕቃ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት የመጣ ነው። ስቱዲዮና ደመወዝተኛ መምህር ያለው ተቋም ቢያደርገው የት በደረሰ!

የምለምነው ብዙ አይደለም። ጋዜጠኝነት የሚያስተምሩ ተቋማት አንድም ተማሪ በአማርኛ ድምፁ ተቀድቶ፣ ታርሞ፣ ውጤት ሳይሰጠው እንዳይመረቅ ያድርጉ። ቢያንስ በየሴሚስተሩ። በአፋን ኦሮሞ ሊሠራ የሚፈልገውም እንዲሁ በቋንቋው። ደሴ ላይ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም የፋናም ኤፍ ኤም ጣቢያዎች አሉን፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ አለው። ጣቢያዎቹ በሳምንት አሥር ደቂቃ ለተማሪ ቢሰጡ፣ የገበያ ዋጋም ቢሆን፣ የመንገድ ሁኔታም ቢሆን፣ ልጆቹ እውነተኛ አድማጭ ፊት ይቆማሉ። ሲሳሳቱም አድማጭ ደውሎ ያርማቸዋል።

እስከዚያው የእኛ ቅዳሜ ይቀጥላል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥር። እኔ የማውቀው ቋንቋውን ነው፣ ስቱዲዮ ውስጥ ሠርቼ አላውቅም። ማይክሮፎን ፊት ዕድሜውን ያሳለፈ የከተማችን ሰው ይህን አንብቦ አንድ ቅዳሜ ቢመጣልን ደስ ይለናል። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ። ቡናው ከእኔ ነው።

የአማርኛ መምህርት
ደሴ